የቅዳሜና እሁድ ባቡር ሲዘገይና ሲሰረዝ፦ በጀርመን ለምንኖር ዝርዝር መመሪያ

ከፍራንክፈርት ሀምቡርግ ለክርስትና፣ ከሙኒክ ኮሎኝ ለሰርግ፣ ከሽቱትጋርት በርሊን ለለቅሶ። በጀርመን የሐበሻ ማኅበራዊ ኑሮ በሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ጥሪው ሁሉ ደግሞ የሚውለው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ አርብ ከሰዓትና እሁድ ማታ ባቡሩ እስከ አፍ ገደፉ የሚሞላበት፣ የሐዲድ ጥገናውም የሚበረታበት ጊዜ።

"የጀርመን ባቡርማ ሰዓት ይሞላበታል" የሚለው ወሬ ዛሬ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ብቻ ነው የቀረው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጀርመኑ ባቡር ድርጅት የዶይቸ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች ሰዓት አክባሪነት 62.5 በመቶ ነበር። ያውም ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየ "በሰዓቱ ደረሰ" ተብሎ ተቆጥሮ፣ ጭራሽ የተሰረዘ ባቡር ደግሞ ከስሌቱ ወጥቶ ነው። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ሐዲዱና የምልክት መሣሪያው አርጅቷል፤ ፈጣኑ ኢሴኤ፣ የአካባቢው ሬጊዮናልና የጭነቱ ባቡር ብዙ ቦታ ላይ አንድ መስመር ይጋራሉ፤ እንደ ኮሎኝና ፍራንክፈርት ያሉ ዋና ጣቢያዎች ላይ አንዱ ሲዘገይ የኋላው ሁሉ ይከተላል። እድሳቱ ራሱ መስመር ይዘጋል፤ የፍራንክፈርት–ማንሃይም መስመር በ2024 ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። የበርሊን–ሀምቡርግ መስመርም ነሐሴ 2025 ላይ ለወራት እድሳት ተዘግቷል። ሌሎች መስመሮችም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

መዘግየቱን ማናችንም አናስቀረውም። ግን ትኬቱ በደንብ ከተገዛ የቀረው ሥራ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ 20፣ 60፣ 100 እና 120። እነዚህን አራት ቁጥሮች የያዘ ሰው ባንሆፍ (ባቡር ጣቢያ) ላይ አይጉላላም ባልልም፣ ገንዘቡን ግን አያጣም።

1. ትኬት ስትገዙ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ጉዞው ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ትኬት ይሁን። መዘግየት የሚለካው ትኬቱ ላይ በተጻፈው የመጨረሻ ጣቢያ ነውና። ከማይንዝ ተነስታችሁ፣ ፍራንክፈርት ላይ ቀይራችሁ ሀምቡርግ ትሄዳላችሁ እንበል። ሁሉም በአንድ ትኬት ከሆነ፣ የማይንዙ ባቡር 15 ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ የፍራንክፈርቱ ኢሴኤ ቢያመልጣችሁ የሚቆጠረው 15 ደቂቃው አይደለም። ሀምቡርግ የገባችሁበት ሰዓት ነው። በሚቀጥለው ባቡር አንድ ሰዓት ከ5 ደቂቃ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ በጠቅላላው ዋጋ ላይ የሚሰላ ካሳ ይገባችኋል።

ብዙዎቻችንን የሚያስከፍለን ወጥመድም እዚሁ ነው፦ ዶይችላንድቲኬት፣ በአካባቢ ባቡሮች ብቻ የሚያስኬደው ወርሃዊ ትኬት። ወርሃዊው ትኬት ኪሳችን ስላለ እስከ ፍራንክፈርት በእሱ እንሄድና ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ርካሽ የኢሴኤ ትኬት እንገዛለን። ብልህነት ይመስላል። በሕግ ዓይን ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። ሬጊዮናሉ ዘግይቶ ኢሴኤው ጥሏችሁ ቢሄድ፣ ኢሴኤው በሰዓቱ ነው የወጣው፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ርካሹ ትኬት ተቃጠለ ማለት ነው፤ በዕለቱ ዋጋ አዲስ መግዛት ይመጣል፣ የዕለቱ ዋጋ ደግሞ አርብ ማታ ያስደነግጣል። እኔ ልዩነቱ አሥር ዩሮ ገደማ ከሆነ ከደጄ ጀምሮ ያለውን አንድ ትኬት እገዛለሁ። ልዩነቱ ከበዛ ደግሞ በዶይችላንድቲኬቱ ቢያንስ አንድ ባቡር ቀድሞ መውጣት ነው፤ መሐል ያለውን ጊዜ ቡና መጠጫ አድርጉት።

በአንድ ባቡር ላይ የታሰረውን ርካሽ ትኬት አትፍሩት። እስሩ፣ በጀርመንኛ ዙግቢንዱንግ የሚሉት፣ መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ሲታወቅ ይነሳል። ያኔ በሌላ ባቡር፣ በሌላ መስመርም ጭምር መሄድ ትችላላችሁ።

መሸጋገሪያ ላይ አትሰስቱ። ዴቤ ናቪጋቶር የሚባለው መተግበሪያ ሲፈልግላችሁ 7 እና 8 ደቂቃ ብቻ ያለው ቅያሪ ያቀርባል። በወረቀት ላይ ይበቃል። የፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ ግን ሐዲዶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚያልቁበት ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ከኢሴኤው የመጨረሻ ፉርጎ ወርዳችሁ፣ ፔሮኑን (የባቡር መሳፈሪያውን) በሙሉ ወደ አዳራሹ ተጉዛችሁ፣ አዳራሹን ተሻግራችሁ፣ እንደገና ሌላ ፔሮን ላይ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። በጋሪ የተኛ ልጅ፣ ሁለት ሻንጣና በፌስታል የተያዘ እንጀራ ካለ 8 ደቂቃ ቀልድ ነው። በመተግበሪያው የፍለጋ ምርጫ ውስጥ ዝቅተኛውን የመቀየሪያ ጊዜ 20 ወይም 30 ደቂቃ ብላችሁ አስተካክሉት። ሳይቀየር በቀጥታ የሚወስድ ባቡር ካለ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቢረዝም እንኳ እሱን ያዙ።

የመጨረሻውን ባቡር በፍጹም አትምረጡ። እሁድ ማታ "ትንሽ እንጫወትና በመጨረሻው እንሄዳለን" የሚባለው ነገር ነው ሰኞ ሥራ የሚያስቀረው። ከመጨረሻው በፊት ቢያንስ ሁለት ባቡር ይኑር። ክርስትናው እሁድ ማለዳ ከሆነ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ውጡ፤ የክርስትና እናት ወይም አባት ከሆናችሁ አርብ። ቄሱ ባቡር አይጠብቁም።

2. ከቤት ሳትወጡ

ማታውንም ጠዋቱንም ትኬታችሁን መተግበሪያው ላይ ክፈቱና እዩ፤ ለጉዞው የማሳወቂያ መልእክት አብሩ። "ኤስኤፋው" (SEV) የሚል ምልክት ካያችሁ ሐዲዱ ተዘግቶ በተለዋጭ አውቶቡስ ነው የምትሄዱት። አውቶቡሱ ብዙ ጊዜ ከጣቢያው ውጭ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ቦታውን ቀድማችሁ አጣሩ። ብዙ ሻንጣ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው።

ውኃና ምግብ ያዙ። የባቡሩ ምግብ ቤት ሊዘጋ ይችላል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ባቡር ውስጥ ደግሞ ሱቅ የለም። ወጥ የምትይዙ ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ፍሬን ሲይዝ ዶሮው መተላለፊያው ላይ ከፈሰሰ ከመዘግየቱ የከፋ ነው። የስልክ መሙያ ባትሪም አይረሳ፤ ትኬቱም መረጃውም ስልኩ ውስጥ ነው።

ጀርመንኛ የማይችሉ እናት ወይም አባት ለብቻቸው የሚሄዱ ከሆነ መተግበሪያ ላይ አትተማመኑ። ወረቀት ላይ በትልቁ የመነሻውን፣ የመቀየሪያውንና የመድረሻውን ጣቢያ ስም በላቲን ፊደል፣ ከሥሩ የናንተንና የተቀባዩን ስልክ ጻፉላቸው። የሚቻል ከሆነ ቅያሪ የሌለው ባቡር ብቻ ግዙላቸው። ትኬቱን እናንተም ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ባቡሩ ሲዘገይ እሳቸው ፔሮን ላይ ቆመው እናንተ ከቤት ሆናችሁ "እማዬ፣ አሁን አይውረዱ፣ እዚያው ይቀመጡ" ማለት የምትችሉት ያኔ ነው።

3. ፔሮን ላይ ስትቆሙ ሰሌዳውን አንብቡ

ሰሌዳው ላይ በነጭ የሚሮጠው ጽሑፍ ሁሉ እኩል አይደለም። "ፌርሽፔቱንግ አውስ ፎርሄሪገር ፋርት" ከሆነ ባቡሩ ከበፊት ጉዞው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ እየመጣ ስለሆነ መጠበቁ ያዋጣል። "ሬፓራቱር አን አይነም ዚግናል" ወይም "አን አይነር ቫይሸ" ማለት ምልክት ወይም የሐዲድ መቀያየሪያ እየተጠገነ ነው፤ ሰሌዳው 10 ደቂቃ ይላል፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 40። "ኖትአርትስትአይንዛትስ አም ግላይስ" ካያችሁ ሐዲዱ አጠገብ የድንገተኛ ሐኪም ሥራ ላይ ነው፤ መስመሩ ለረጅም ጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል ወዲያው ሌላ መንገድ ፈልጉ። "ሃልት ኤንትፌልት" ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነው፤ ባቡሩ ይሄዳል፣ የናንተ ጣቢያ ላይ ግን አይቆምም። "ፌልት አውስ" ተሰርዟል።

ሁለት ነገር በጆሮ አዳምጡ። "ግላይስቬክሰል" ሲባል መቆሚያው ተቀይሯል፤ ሕዝቡ ሲሮጥ አብራችሁ ሩጡ። "ኡምገኬርተ ቫገንራይሁንግ" ሲባል ደግሞ የፉርጎዎቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ ፊት ይቆማል ያላችሁት ቁጥር ኋላ ነው። መቀመጫ ያስያዘ ቤተሰብ ይህን ካልሰማ በሞላ ባቡር ውስጥ ሻንጣ እየጎተተ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል።

መዘግየቱንና ምክንያቱን የሚያሳየውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። የባቡር ድርጅቱ መረጃው አለው፤ ክርክር ከመጣ ግን የራስ ማስረጃ አይከፋም።

4. ደቂቃ ቁጠሩ

መድረሻ ላይ 20 ደቂቃ። የባቡር እስሩ ተነስቷል። መተግበሪያው ትኬቱ ላይ ያሳየዋል፤ ካላሳየ ተቆጣጣሪውን ወይም የራይዘጼንትሩም (ጣቢያው ውስጥ ያለው የትኬት ቢሮ) ሠራተኛውን "ኢስት ዲ ዙግቢንዱንግ አውፍገሆበን?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ሁሉ ወደሚቀጥለው ባቡር ከመጉረፉ በፊት ተነሱ። የተያዘው መቀመጫ ግን አብሯችሁ አይሄድም፤ ቶሎ የገባ ነው የሚቀመጠው። መደበኛ የሬጊዮናል ትኬት የያዘ ሰውም 20 ደቂቃ እንደሚዘገይ ከታወቀ ኢሴኤ ተሳፍሮ፣ ትኬቱን መጀመሪያ ራሱ ከፍሎ ኋላ ማስመለስ ይችላል። ይህ መብት ዶይችላንድቲኬትንና የክልል የቀን ትኬቶችን አይጨምርም። በዶይችላንድቲኬት ኢሴኤ ውስጥ ገብታችሁ "ባቡሬ ዘግይቶ ነው" ብትሉ ቅጣት ነው የምትቀበሉት።

60 ደቂቃ። ባቡሩ ከተሰረዘ ወይም መድረሻችሁ ላይ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከተጠበቀ ሦስት ምርጫ አላችሁ። አንደኛ፣ ጉዞውን ትታችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መቀበል። ሁለተኛ፣ በተገኘው የመጀመሪያ ባቡር መሄድ። ሦስተኛ፣ በሚመቻችሁ ሌላ ቀን መሄድ። መንገድ ጀምራችሁ ከሆነና ጉዞው ትርጉም ካጣ፣ ለምሳሌ ሀኖቨር ስትደርሱ ሰርጉ ማለቁ የማይቀር ከሆነ፣ ወደ መነሻችሁ በነፃ ተመልሳችሁ የሄዳችሁበትንም ጭምር ማስመለስ ትችላላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ውኃና ቀለል ያለ ምግብ ማቅረብ፣ የሚቻል ከሆነ፣ የባቡር ድርጅቱ ግዴታ ነው፤ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።

ለደጋሹ መደወሉንም አሁን አድርጉት፤ "እየደረስን ነው" እያሉ ሦስት ጊዜ ከማታለል ይሻላል። "ጋሼ፣ ሀኖቨር ላይ ቆመናል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዘገያለን፤ ምሳው እንዳይቆይ፣ እኛን ሳትጠብቁ ጀምሩ" ከተባለ ማንም አይቀየምም።

100 ደቂቃ። ከታቀደው መነሻ ሰዓት ጀምሮ በ100 ደቂቃ ውስጥ የባቡር ድርጅቱ አማራጭ መንገድ ካልነገራችሁ ራሳችሁ በሌላ ባቡር ወይም በሕዝብ አውቶቡስ ትኬት ገዝታችሁ አስፈላጊና ተመጣጣኝ የሆነውን ወጪ ማስመለስ ትችላላችሁ። አማራጭ ከነገሯችሁ ግን ይህ መብት አይሠራም። የጓደኛ መኪና ቤንዚን ደግሞ እዚህ ውስጥ አይገባም።

5. መሽቶ ከቀራችሁ

ታክሲ የሚከፈለው በሁለት አጋጣሚ ነው። ትኬቱ ላይ መድረሻችሁ በአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 0፡00 እስከ 5፡00 ሆኖ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የምትዘገዩ ከሆነ፣ ወይም የዕለቱ የመጨረሻ ባቡር ተሰርዞ እስከ እኩለ ሌሊት መድረስ ካልቻላችሁ። እስከ 120 ዩሮ ነው፤ ግን መጀመሪያ የባቡሩን ሠራተኛ ወይም የመረጃ ክፍሉን አናግሩ። እነሱ ታክሲ ወይም ሌላ ነገር ካዘጋጁ የሚቀድመው እሱ ነው። ያናገራችሁትን ሰው የሥራ ቦታና ሰዓቱን መዝግቡ።

ማደር ግድ ከሆነ ሆቴል የማዘጋጀት ግዴታ የነሱ ነው። ማንም ካልተገኘ መጠነኛ ሆቴል ራሳችሁ ይዛችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ መጠነኛ ስል ባለአምስት ኮከብ ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ ትላልቅ ጣቢያዎች ላይ ሌሊቱን የሚሞቅ ባቡር ቆሞ ተጓዥ እንዲያርፍበት ይደረጋል። ከልጅ ወይም ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ባንሆፍስሚሲዮን የሚባለውን ፈልጉ፤ የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች ከመቶ በላይ በሆኑ ጣቢያዎች የከፈቱት የእርዳታ ክፍል ነው። ሻይ ይሰጣሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሃይማኖትም ዜግነትም አይጠይቁም። ሁሉም ሌሊት ክፍት አይደሉም።

6. ገንዘባችሁን ጠይቁ

ከሰኔ 7 ቀን 2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ 50 በመቶ ካሳ ይሰጣል። ለሁለት ሰው የአንድ አቅጣጫ ትኬት 80 ዩሮ ከፍላችሁ፣ 17፡36 መድረስ ሲገባችሁ 18፡41 ከገባችሁ 20 ዩሮ ይመለሳል፤ 19፡40 ከሆነ 40 ዩሮ። የደርሶ መልስ ትኬት ከሆነ ስሌቱ የዘገየው አቅጣጫ ዋጋ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ። 58 ደቂቃ የዘገየ ሰው ምንም አያገኝም፤ ያናድዳል፣ ግን ሕጉ እንደዚያ ነው።

ትኬቱን በመተግበሪያው ወይም በድረ ገጹ በራሳችሁ መለያ ከገዛችሁ ጉዞውን ከፍታችሁ "ፋርጋስትሬሽተ" (የተጓዥ መብት) የሚለውን መንካት ነው፤ ጥቂት ጥያቄ መልሳችሁ የባንክ ቁጥር ታስገባላችሁ። በወረቀት የምትፈልጉ ቅጹን ከራይዘጼንትሩም ወስዳችሁ ሞልታችሁ እዚያው መስጠት ወይም በፖስታ መላክ ትችላላችሁ። የታክሲና የሆቴል ደረሰኝ ይያያዛል፤ ለራሳችሁ ቅጂ አስቀሩ። ቫውቸር ቢያቀርቡላችሁ በገንዘብ ይሁንልኝ ማለት መብታችሁ ነው። በደረሰው መዘግየት ምክንያት ያልተጠቀማችሁበት የመቀመጫ ማስያዣ ክፍያም ስለሚመለስ አብራችሁ ጠይቁ።

ጊዜው 3 ወር ብቻ ነው። ድሮ አንድ ዓመት ነበር፤ "ቆይ እደርስበታለሁ" የሚል ሰው አሁን ገንዘቡን ያጣል።

ከ2023 ወዲህ ካሳ የማይከፈልባቸው ምክንያቶች አሉ፦ ከባድ የአየር ሁኔታ፣ ሐዲድ ላይ የገባ ሰው፣ የኬብል ስርቆትና የመሳሰሉት። የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይደለም፤ በአድማ ምክንያት ከዘገያችሁ ካሳው ይገባችኋል። በማዕበልም ቀን ቢሆን ደግሞ የሚቀረው ካሳው ነው። ሌላ ባቡር የመሳፈር፣ ገንዘብ የማስመለስ፣ ምግብና ማደሪያ የማግኘት መብት ይቀጥላል፤ የማደሪያው ግዴታ በእንዲህ ያለ ጊዜ እስከ ሦስት ሌሊት ሊወሰን ይችላል።

በዶይችላንድቲኬት ለሚጓዝ፣ ለእያንዳንዱ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ መዘግየት 1.50 ዩሮ ነው። ከ4 ዩሮ በታች አይከፈልም፤ ስለዚህ ሦስት መዘግየት አጠራቅማችሁ 4.50 ዩሮ ትጠይቃላችሁ። እኔ ለዚህ ቅጽ አልሞላም፤ በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው ግን ይሙላው።

7. እምቢ ካሏችሁ

መልስ እስከ አንድ ወር ይወስዳል። "አይገባችሁም" የሚል ደብዳቤ ከመጣ ምክንያቱን አንብቡ። የአየር ሁኔታን ጠቅሰው በዚያ ቀን ፀሐይ ከነበረ፣ ወይም ሁለት ባቡር ያለውን አንድ ትኬት እንደ ሁለት ትኬት ቆጥረውት ከሆነ፣ የትኬቱን ቁጥርና ያነሳችሁትን ፎቶ አያይዛችሁ በአጭሩ መልሱ። አሁንም ካልሆነ በርሊን ያለው የጉዞና ትራንስፖርት አስታራቂ ተቋም፣ ሽሊሽቱንግስሽተለ ራይዘ ኡንት ፌርኬር፣ አቤቱታ ይቀበላል። ለተጓዥ ነፃ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም፣ በድረ ገጹ ይሞላል። ከባቡር ድርጅቱ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በስልክ አትከራከሩ፣ በጽሑፍ ብቻ።